ስለ ኮክሌር ኢምፕላንት የጠየቃችሁኝና መልሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በ2 ዓመቷ ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ውስጥ ጆሮ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ) ተደርጎላት አሁን 11 ዓመቷ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ከኦዲዮሎጂስት (የመስማት ባለሙያ) እና ከንግግር ቴራፒስት ጋር 9 ዓመት ስመላለስ የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

ጥያቄ፦ ለአባቴ ሂሪንግ ኤይድ (ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ) ገዛንላቸው፤ «ድምፁ ይጮኻል እንጂ ቃሉ አይገባኝም» ይላሉ። ኢምፕላንቱ በምን ይለያል?

መልስ፦ አባትሽ ልዩነቱን ራሳቸው ተናግረውታል። ሂሪንግ ኤይድ ድምፅ ያጎላል። የጎላውን ድምፅ መቀበል ያለባቸው ግን ኮክሊያ በምትባለው፣ ቀንድ አውጣ በምትመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ያሉት ፀጉር መሰል ሴሎች ናቸው። ስንወለድ በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ገደማ ናቸው፤ ከሞቱ አይተኩም። ብዙዎቹ ካለቁ ማጉላቱ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ኢምፕላንቱ እነሱን አልፎ የመስማት ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ከጆሮ ጀርባ ያለው ፕሮሰሰር ድምፁን ይቀበላል፣ በማግኔት ራስ ላይ የምትለጠፈው ክብ ነገር ከቆዳ ስር ላለው ክፍል ታስተላልፋለች፣ ከዚያ ኮክሊያ ውስጥ የገባ ቀጭን ገመድ፣ እንደ ኩባንያው ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ የሚለቅ ነጥብ) ያለው፣ ወደ ነርቩ ያደርሰዋል። 22 ነጥብ የ15,000 ሴሎችን ሥራ አይሠራም፤ የጎደለውን አንጎል እየተማረ ነው የሚሞላው። አባትሽን አስመርምሪያቸው። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም፣ በ80ዎቹ ውስጥ ሆነው የሚያደርጉ አሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሯ ነው። ስንጠራት አትዞርም። ዘመድ ሁሉ «አባቷም ዘግይቶ ነው ያወራው» ይላል። ትንሽ እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቂ እህቴ። እኛም «ጠብቁ» ተብለን 7 ወር አለፈን፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የድስት ክዳን እያጋጨሁ «ይኸው ዞረች!» እል ነበር። ለካ የምትዞረው ጥላዬን አይታ ወይም ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቷት ነው። ቤት ውስጥ በማጨብጨብ አይታወቅም። ኤቢአር የሚባለውን ምርመራ ጠይቂ፤ ልጅቷ ተኝታ ይሠራል፣ ራሷ ላይ በሚለጠፉ ገመዶች ነርቩና አንጎሏ ለድምፅ የሚሰጡትን ምላሽ ይለካል። የምቸኩልብሽ ለዚህ ነው፦ አንጎል ድምፅ ካላገኘ ለመስማት የተዘጋጀውን ቦታ ለሌላ ሥራ ያውለዋል። ደንቆሮ ሆነው ለተወለዱ ልጆች ከ3 ዓመት ተኩል በፊት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፣ ከ7 ዓመት በኋላ ንግግር መልመድ በጣም ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ ኢምፕላንቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ለልጆች ሲፈቀድ ከ2 ዓመት ጀምሮ ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 9 ወር ወረደ።

ጥያቄ፦ መሣሪያው ሲበራ ሕፃናት ሲስቁ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አያለሁ። ወዲያው ይሰማሉ ማለት ነው?

መልስ፦ የኔዋ አልቅሳ ገመዱን ነቅላ ጣለችው። ቀዶ ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው፣ የሚበራው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። መስማት ችለው የነበሩ አዋቂዎች መጀመሪያ ላይ የሰው ድምፅ እንደ ሮቦት ወይም እንደ ወፍ ጫጫታ ይሆንብናል ይላሉ፤ ከወራት በኋላ ይስተካከላል። እኛ ጠዋት ጠዋት አፌን በእጄ ሸፍኜ 6 ድምፆች እላለሁ፦ አህ፣ ኡ፣ ኢ፣ ም፣ ሽ፣ ስ። ትደግማለች። «ስ» ከጠፋባት መሣሪያው አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። እነዚህ 6ቱ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ የንግግር ድምፆችን ይሸፍናሉ። ስሟን ስጠራ የዞረችው በ4ኛው ወር ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ ቡና ስወቅጥ ከሌላ ክፍል መጥታ ሙቀጫውን አየች፣ ጆሮዋን በጣቷ ጠቆመች። ቡናውን ትቼ አቀፍኳት።

ጥያቄ፦ እዚህ አውሮፓ «አንድ ቋንቋ ብቻ አውሩለት» አሉን። አማርኛ እንተው?

መልስ፦ አትተዉ። እኛም ተነግሮን ለ1 ዓመት ተውነው፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሳወራት ተረት የለ፣ ቁጣ የለ፣ እንጉርጉሮ የለ። አያቷም በስልክ የሚሏት ጠፋቸው። ልጅ የሚጠቀመው አሟልታችሁ ከምታወሩት ቋንቋ ነው። ሁለት ቋንቋ የሚችሉ ባለ ኢምፕላንት ልጆች ብዙ ናቸው። አማርኛ የራሱ ፈተና አለው፦ «አጎቴ መጣ» እና «አጎቴ መታ»። በዚህ ጥንድ ስንት ወር ሠራን! ዛሬ ትለየዋለች፣ ጫጫታ ካለ ግን ፊቴን ታያለች።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፣ በማጅራት ገትር ታሞ ከዳነ 3 ሳምንቱ፣ ምንም አይሰማም። መጀመሪያ ሰውነቱ ይጠንክር እያልን ነው።

መልስ፦ ዛሬውኑ ተንቀሳቀሱ። ከማጅራት ገትር በኋላ ኮክሊያው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል፣ በሳምንታት ውስጥም ይጀምራል። ከተደፈነ ኤሌክትሮዱን ማስገባት ይከብዳል። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ እንዲታዘዝለት ጠይቁ። የኒሞኮከስ (ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱ) ክትባትም ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የምልክት ቋንቋ ካስተማርናት ማውራት አትሰንፍም?

መልስ፦ አትሰንፍም። ማታ መሣሪያው ሲወልቅ ልጄ ምንም አትሰማም። ሻወር ላይም፣ ባትሪ ሲያልቅም እንደዚያው። ያኔ በምን ልናገራት ነው? ዘግይተን ነው የጀመርነው፣ ቀድመን ብንጀምር ኖሮ ያ ሁሉ ለቅሶ ይቀር ነበር።

ጥያቄ፦ ዘፈን ይሰማሉ?

መልስ፦ ምቱን ጥሩ አድርገው። ዜማው ላይ ይቸገራሉ። ከበሮ ሲመታ የኔዋን እስክስታ የሚያቆማት የለም፤ ክራር ግን ብዙም አይጥማትም።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ወጥተን ለማሠራት ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። ምን እናስብ?

መልስ፦ የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ብቻ አታስሉ። መሣሪያው ስንመለስ የት ይስተካከላል? ማፒንግ ይሉታል፣ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ገመድ ሲበጠስ፣ ፕሮሰሰር ሲበላሽ ከየት ይመጣል? ለባትሪስ? ይህን ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ። ያልተስተካከለ መሣሪያ ልጁ አውልቆ ይጥለዋል።

ጥያቄ፦ ሹሩባ መሠራት ትችላለች?

መልስ፦ ትችላለች! ማግኔቷ የምታርፍበት ቦታ ላይ ብቻ ጉንጉኑ ቀጭን ይሁን፣ ወፍራም ከሆነ ማግኔቷ ይዛ አትቆይም። ሠሪዋ ከመጀመሯ በፊት ቦታውን በጣቴ አሳያታለሁ፣ እሷም ዙሪያውን ታዞርልናለች።