ቦታ የለኝም ለምትሉ ቢላ ሠሪዎች

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። የምትኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ግቢ የላትም። ቢላ በእጇ መሥራት መማር ትፈልጋለች። «ሰፋ ያለ ቦታ እስካገኝ ልጠብቅ ወይስ ልጀምር?» ትለኛለች።

መልሱ አጭር ነው፤ ጀምሪ። ይህንኑ ጽፌ ልልክላት ስል እጄ ተያዘ። ጥያቄው ከዚህ በፊትም ቀርቦልኝ ያውቃል። ያኔ የሰጠሁት መልስ ሌላ ነበር።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ብረት በማጠንከር ሥራ ላይ ነው። ጊር፣ ሻፍት፣ ሞላ ምድጃ ይገባል፤ ይግላል፤ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ቢላ ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጪ ያለ ፍቅሬ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ይህን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። አንድ ወጣት ግን ደርሶበታል። ጥገና ክፍል ነበር የሚሠራው። ዝምተኛ ልጅ ነው።

አንድ ቀን ፈረቃ ሊያልቅ ሲል ምድጃዬ ጋ መጣ። ከጃኬቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። እጀታ ገና ያልተገጠመለት ቢላ ነው። ስለቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት። ሁለቱ ጎኖች እኩል ወርደው ልክ መሀል ላይ ተገናኝተዋል። ስለቱ አልቆ እጀታው የሚጀምርበት መስመር ግራና ቀኙ አንድ ነው። «በምን ሠራኸው?» አልኩት። «በሞረድ» አለኝ። ማሽን ያላቸው ሰዎች ያንን መስመር እኩል ማውጣት ሲያቅታቸው አይቻለሁ። እኔንም ጨምሮ።

«ጋሼ፣ ከጊሮቹ ጋር አንዴ ቢያስገቡልኝ» አለ።

አንዲት ጥግ ትበቃው ነበር። እኔ ግን «ይሄ የፋብሪካ ምድጃ ነው። የራስህ ቦታ ሲኖርህ ያኔ እንነጋገራለን» አልኩት።

የሚከለክል ደንብ ነበር ወይ? የተጻፈ ነገር አላስታውስም። በዕለቱ ብዙ ጊር ጠሞብኝ ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቄ ነበር። ደክሞኛል። ደግሞ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ በሞረድ ብቻ እንደዚያ አድርጎ መሥራቱ ትንሽ ቆጥቁጦኛል። ልጁ «እሺ ጋሼ» ብሎ ቢላውን መልሶ ጠቀለለው። ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም።

ከጊዜ በኋላ ታሞ ከሥራ ቀረና ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ በቃ። «የምትሠራው የት ነው?» አልኩት። ከአልጋው ሥር አንድ ወፍራም ጣውላ ጎተተ። ጣውላው ላይ ትንሽ ሞርሳ በብሎን ታስራለች። ሲሠራ ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ ጭኖ በሁለት መቆንጠጫ ያጠብቀዋል። ድምፁ ታች ያሉትን ጎረቤቶች እንዳይረብሽ ከጣውላው ሥር የታጠፈ አሮጌ ምንጣፍ ያስገባል። ሲጨርስ ሁሉም ነገር ተመልሶ አልጋ ሥር ይገባል።

ሞረዶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሏቸዋል፤ ጥርሳቸው እርስ በርስ እንዳይፋጭ። ጠመኔ ይቀባቸዋል። ጠመኔ የተቀባ ሞረድ ጥርሱ መሀል የብረት ፍቅፋቂ አይሰካበትም፤ ስለዚህ ሥራውን አይጭርም። ይህን ማን እንዳስተማረው አላውቅም። እኔ የተማርኩት ብዙ ብረት ካበላሸሁ በኋላ ነው። መሬቱ ላይ እርጥብ ጋዜጣ ያነጥፋል። ብናኙ እዚያ ላይ ይቀራል፤ ጋዜጣውን አጣጥፎ ይጥላል።

ከሁሉም የገረመኝ የማዕዘን መያዣው ነው። ቢላውን ረዘም ያለ ጣውላ ላይ ያስረዋል። ከጣውላው ጫፍ ቀለበት ያለው ብሎን ቆሟል። ሞረዱ ላይ የታሰረ ቀጭን ዘንግ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። ክንዱ ቢዝልም ሞረዱ ከማዕዘኑ አይወጣም። ማዕዘኑን ለመቀየር ቀለበቱን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነው። ያ እኩል መስመር የመጣው ከዚህ ነው።

«ያቺ ቢላስ?» አልኩት። ከሳጥን አውጥቶ ሰጠኝ። ስለቷ ላይ ሁለት ስንጥቅ አለ። አንዱ እስከ መሀል ደርሷል።

ውጪ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በፀጉር ማድረቂያ እያናፋ፣ እስክትቀላ አግሏት ኖሯል። ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከራት። «ጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ» አለኝ። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ብረቱ 1095 የሚባለው የካርቦን ብረት ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የካርቦኑን መጠን ይናገራሉ፤ 0.95 በመቶ አካባቢ ማለት ነው። ካርቦን ከበዛ ቢላው ይሻላል ብሎ መረጠው። ጀማሪ ሁሉ እንደዚያ ያስባል። 1095 ግን በጣም ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት፤ የሚሰጥህ ጊዜ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ውሃ ፍጥነቱ አለው፤ ስስ ስለትን ግን ይሰነጥቃል። ልጁ ደግሞ ቢላዋን ከማጠንከሩ በፊት ስለቱን እስከ መጨረሻው ሞርዶ አቅጥኖት ነበር። ካርቦኑ ያነሰውን 1084 ምረጥ፣ የስለቱን ጠርዝ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ተወው፣ ውሃ ሳይሆን ለብ ያለ ዘይት ተጠቀም። ይህን ለመንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እሱ ስንት ምሽት ሞርዶባታል!

«እርስዎ እንዳሉት ቦታ ሲኖረኝ ይሻላል» አለኝ። አሽሙር አልነበረም፤ አምኖበት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሥራ ለቀቀ። ቢላ መሥራቱን ይቀጥል አይቀጥል አልሰማሁም።

እንግዲህ ልጄ፣ ለዚህ ነው መልሴ የረዘመው።

መዶሻ ያልነካው ቢላ ቢላ አይባልም የሚሉ አሉ። እኔም ድሮ እል ነበር። አሁንም ግማሽ ልቤ ከእነሱ ጋር ነው፤ የጋለ ብረት መስፍ ላይ ሲቀጠቀጥ የሚሰጠውን ደስታ ሌላ ነገር አይሰጥም። ግን መቀጥቀጥ ብረቱን አያሻሽለውም። ዛሬ የሚሸጠው ብረት ፋብሪካ ውስጥ ተዳምጦ የመጣ ነው። መዶሻው ቅርጽ ይሰጠዋል እንጂ ጥራት አይጨምርለትም። አጓጉል ከጋለ እንዲያውም ይበላሻል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ብረት ገዝቶ፣ ቆርጦና ሞርዶ ቢላ ማውጣት ሙሉ ሙያ ነው። ጎረቤት ላለው ሰው ደግሞ ሰላም ነው።

የጠባብ ቤት ችግር ሞረዱ አይደለም። እሳቱና አቧራው ናቸው። እዚህ ላይ አልለሳለስም። ክፍል ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ የጋዝ ምድጃም አትለኩሱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። መስኮት ከፍቻለሁ ማለት አያድንም። ዚንክ የተለበጠ ብረትም የትም ቦታ አታግሉ፤ ጭሱ ያሳምማል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ለመንከሪያ አይሆንም፤ ምን እንደተጠራቀመበት አይታወቅም።

ደጅ ከሌለሽ ማጠንከሩን ለሌላ ሰው ስጪ። በዚህ የሚያፍሩ ልጆች አጋጥመውኛል፤ ሁሉንም ራሴ ካልሠራሁ የእኔ አይደለም ይላሉ። በቢላ የታወቀችው የእንግሊዟ ሼፊልድ ውስጥ «ሊትል ሜስተርስ» የሚባሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ትንንሽ ክፍል ተከራይተው ነው የሚሠሩት። አንዱ ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ይስላል፣ አንዱ እጀታ ይገጥማል። ቢላው ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ ያልቃል። ማንም የእኔ አይደለም አላለም።

እዚያው ሼፊልድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሹካ በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ የሚስሉ ሠራተኞች ነበሩ። ድንጋዩን ሳያርሱ በደረቁ ነው የሚስሉት። ብዙዎቹ አቧራው ሳንባቸውን በልቶት በወጣትነታቸው ሞተዋል። በእርጥብ ድንጋይ የሚስሉት የተሻለ ይኖሩ ነበር። ስለዚህ የብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እያረሳችሁ ፈትጉ። ከቁጥር 120 ወደ 220፣ ከዚያ ወደ 400። የእጀታ እንጨትም ብናኙ ቀላል አይደለም፤ አንዳንዱ እንጨት መርዛማ ነው። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ማጣሪያ የሚገባለትን ግዙ። የዛሬ ልጆች ቪዲዮ ላይ ፊታቸው እንዲታይ ነው መሰለኝ ማስክ አይወዱም። መነጽር አድርጉ ብዬ አልመክርም፤ ይህ የሚነገረው ሰው ሞረድ ባይነካ ይሻላል።

ከዛሬ ልጆች ጋር ሌላም ጠብ አለኝ። «ምርጡ ብረት የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። «ሞረድ እንዴት ይያዛል?» ያለኝ እስካሁን የለም። የመጀመሪያ ሥራቸው ዳማስቆ፣ ማለትም ብረት በብረት ላይ ተደራርቦ ዝንጉርጉር መስመር የሚያወጣው ቢላ፣ እንዲሆን ይፈልጋሉ። የሼፊልዱ የብረት ተመራማሪ ሀሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 የማይዝግ ብረት ሲሠራ ቢላ ሠሪዎች «የማይቆርጥ ቢላ ፈጠረ» ብለው አፌዙበት። ብረቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እንዴት እንደሚጠነክር ገና አልለመዱትም። ስመ ጥር ብረት ይዞ ሙቀቱን የማያውቅ ሰው ዛሬም ያው ነው።

ደግሞ ላዳላ አልፈልግም። እነዚሁ ልጆች የሚያውቁትን አይደብቁም። አንዱ ሲሳካለት በማግስቱ ለሁሉም ያሳያል። በእኛ ጊዜ ጌታው ዘይቱን በስንት ዲግሪ እንደሚያሞቅ ለልጁም አይነግርም ነበር። ያን ልጅ ያኔ ማንም ቪዲዮ ቢያሳየው ኖሮ እኔን ባላስፈለገው ነበር።

ማሽን አትግዙ ስል ቤቴ የመጣ ሰው ይስቅብኛል። ቤልት ግራይንደሬ፣ የብርጭቆ ወረቀት ቀበቶ እየዞረ ብረት የሚሞርድባት ማሽን፣ የክፍሉን ግማሽ ይዛለች። እወዳታለሁ፤ አልዋሽም። ግን ሞረድ ስህተትን ቀስ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ ታያለህ፣ ትመልሳለህ። ማሽን ዓይን እስኪጨፈን አይጠብቅም።

ጥግ ያለ ደጅ ካላችሁ ለአጭር ቢላ ትልቅ ምድጃ አያስፈልግም። ሙቀት የሚይዝ ለስላሳ የእሳት ጡብ ፈልፍላችሁ በጋዝ ቶርች ማሞቅ ይበቃል። ጥላ ውስጥ ሥሩ፤ ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ቀለሙ ያታልላል። ማግኔት በአጠገባችሁ ይሁን። ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ለ1084 ከዚያ ትንሽ ከፍ ማለት ነው የሚፈለገው፤ ወደ 815። ከዚያ 50 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ የምግብ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩት። ግራ ቀኝ አታማስሉት፤ ይጠማል። ዘይቱ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይሁን፤ እሳት ሊይዝ ይችላል። ሲቀዘቅዝ ሞረድ ሞክሩበት። ሞረዱ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ጠንክሯል።

በዚያ ሰዓት ቢላው እንደ ብርጭቆ ነው፤ ቢወድቅ ይሰበራል። ሳያድር ማለዘብ ያስፈልጋል። የኩሽና ኦቨን 200 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት፣ አቀዝቅዞ እንደገና ለሁለት ሰዓት። የኦቨኑን ቁጥር አትመኑ፤ የራሳችሁን ቴርሞሜትር አስገቡ። ዕድሜ ልኩን በመለኪያ የሠራ ሰው ማግኔት ሲያስተምር የሥራ ባልደረቦቼ ቢያዩኝ ይታዘቡኛል። 1084 ግን ይቅር ባይ ብረት ነው።

እኔ አሁን ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለችኝ። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢላ ትወስዳለች። ልጄ፣ ሞርደሽ ስትጨርሺ ላኪልኝ። ሌሎቻችሁም ደጅ ካጣችሁ ላኩ፤ ከራሴ ቢላዎች ጋር አስገባዋለሁ። ስለቱን 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ተዉት። የእጀታውን ቀዳዳዎች ቀድማችሁ ብሱ፤ ከጠነከረ በኋላ መሰርሰሪያ አይገባውም። የብረቱን ዓይነት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ። ከአሮጌ ባሌስትራ የተቆረጠ አትላኩልኝ፤ ብረቱ ምን እንደሆነ በርግጥ አይታወቅም፣ ዓመታት ሲተጣጠፍ የኖረ ስለሆነም ውስጡ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ዓይነቱ ካልታወቀ ሳልነካው እመልሰዋለሁ።