ታራንቱላዬ ሳይታሰብ እንቁላል ጣለች፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ታራንቱላ (ትልልቅና ፀጉራም ሸረሪት) ማሳደግ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ሸረሪቱ እንቁላል መጣሏን ከነገረን ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቺሊ ሮዝ የምትባለዋን የታራንቱላ ዝርያ ከገዛኋት 5 ወር ሆነ። ዛሬ ጠዋት ነጭ ኳስ የመሰለ ነገር አቅፋ አገኘኋት። ቤቴ ወንድ ሸረሪት የለም፣ እንዴት ሆኖ?

መልስ፦ አትደንግጥ ወንድሜ። ስትገዛት ትልቅ ነበረች አይደል? ሴቷ ከወንዱ የተቀበለችውን ዘር ሆዷ ውስጥ ለወራት አስቀምጣ፣ ሲመቻት ነው እንቁላሏን የምትጥለው። ስለዚህ አንተ ጋ ከመምጣቷ በፊት ወንድ አግኝታ ሊሆን ይችላል። ቆዳዋን ስትቀይር ግን ዘሩ የተቀመጠበት ከረጢት ሽፋንም አብሮ ይወልቃል፣ ዘሩም ይሄዳል። እና ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ከገዛሃት ወዲህ ቆዳዋን ቀይራለች? ካልቀየረች ሊፈለፈል ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔስ? ከትንሽነቷ ጀምሮ 6 ዓመት ያሳደግኳት እኔው ነኝ፣ ወንድ አይታ አታውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ባዶ ነው፣ አይፈለፈልም። ይሄ ያጋጥማል። ከጥቂት ቀን ወይም ሳምንት በኋላ ራሷ ትበላዋለች ወይ ትታው ትሄዳለች። አትዘኚ፣ ከበላችው ያወጣችውን ጉልበት መልሳ እያገኘች ነው። ውሃዋ እንዳይጎድል ብቻ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ተዋት። የምሬን ነው፣ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ሸረሪት ዓለምን የምታውቀው በንዝረት ነው፣ እግሯ ላይ ያለው ፀጉር ንዝረት ይሰማዋል። በር ሲወረወር፣ ስፒከር ሲጮህ፣ ሳጥኑ ሲነካ፣ ሁሉም ይደርሳታል። አደጋ የመጣ ከመሰላት እንቁላሉን ትበላዋለች።

እኔ በ2016 ይሄው ደርሶብኛል። የመጀመሪያዬ ነበረች፣ ማታ ስትጥል አየኋት። መጀመሪያ መሬቱ ላይ እንደ ሻሽ ነጭ ድር አነጠፈች፣ ከዛ እንደ ማሽላ ፍሬ ቢጫ እንቁላል አንድ ላይ አፈሰሰችበት፣ ከዛ ጠርዙን እየሳበች ጠቅልላ ሎሚ የሚያህል ኳስ አደረገችው። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ይያት ብዬ በየሰዓቱ በስልክ መብራት አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያገኘሁት የተበጣጠሰ ድር ብቻ ነው። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሳጥኑን ሰው የማይመላለስበት ቦታ አድርግ፣ ከተቻለ በጨርቅ ሸፍነው። የውሃ ዕቃው ሙሉ ይሁን። ሙቀቱ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ከሆነ በቂ ነው። እሷ ላይ ውሃ አትርጭ። ውስጥ የቀረ ፌንጣ ካለ ቀስ ብለህ አውጣ፣ ፌንጣ እንቁላሉን ሊበላ ይችላል።

ጥያቄ፦ ምግብ አልሰጣትም ማለት ነው?

መልስ፦ ብዙዎቹ ራሳቸው አይፈልጉም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሞተች ትንሽ በረሮ ራቅ አድርገህ አስቀምጥላት፣ እስከ ጠዋት ካልነካቻት አንሳ። ወፍራም ሸረሪት ጾም አይጎዳትም።

ጥያቄ፦ የእንቁላሉን ከረጢት (ነጩን ኳስ) ልውሰድባት ወይስ ከእናቱ ጋር ይቆይ?

መልስ፦ ሁለቱም ይሠራል። ልምድ ለሌለው ሰው እናትየዋ ትሻላለች ባይ ነኝ፣ እሷ ቀን ከሌት እያገላበጠች ትጠብቀዋለች። የሚወስዱት ሰዎች ብዙ ጊዜ 30 ቀን አካባቢ ይጠብቃሉ፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት ውስጡ እንቁላል ብቻ ነው፣ እንቁላል ደግሞ በየቀኑ መገላበጥ አለበት። ዘግይተህ ስትከፍተው እግር ያወጡ፣ ነጫጭ፣ ብዙም የማይንቀሳቀሱ ነገሮች ታገኛለህ። እነሱ ገና አይበሉም። ሁለት ጊዜ ቆዳ ቀይረው ሲጠቁሩ ነው ሸረሪት የሚሆኑት።

ከወሰድክ እናትየዋ ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ኩባያ ድፋባት፣ በእጅህ አትሞክር፣ ከረጢቱን በረጅም ወረንጦ ሳብ። ጓንትና መነጽር አድርግ፣ አብዛኞቹ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ዝርያዎች ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ፀጉር ይበትናሉ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ሐኪም ቤት ያስኬዳል። ነጭ ወረቀት ላይ በትንሽ መቀስ ክፈተው። የተጨማደደውንና የሻገተውን ቶሎ ለይ፣ ሻጋታው ወደ ጤነኞቹ ይሄዳል። የቀሩትን አየር በሚያስገባ ዕቃ ውስጥ ሶፍት ላይ አስቀምጥ፣ ከስር እርጥበት ይኑር፣ ውሃው ግን እንዳይነካቸው።

ጥያቄ፦ ስንት ይወጣሉ? ምን አደርጋቸዋለሁ?

መልስ፦ እንደ ዝርያው ነው። በመቶዎች ጠብቅ። ይሄንን ዛሬ ነው ማሰብ ያለብህ። እያንዳንዱ የራሱ ትንሽ ዕቃና በክንፍ የለሽ የፍራፍሬ ዝንብ የሚጀምር ምግብ ይፈልጋል፣ አብረው ከቆዩ ደግሞ ይበላላሉ። አቅሙ ከሌለህ እንቁላሉ ገና አዲስ ሳለ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ነውር አይደለም። ውጭ መልቀቅ ግን በጭራሽ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሴንት ሉሲ ካውንቲ የሜክሲኮ ታራንቱላ ከሰው እጅ ወጥቶ ዱር ውስጥ ተራብቷል። ለመሸጥ ካሰብክ ደግሞ ቀይ ጉልበት ያላቸው የሜክሲኮ ዝርያዎች በዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቁ ናቸው፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም።

ጥያቄ፦ የኔ የምሥራቅ አፍሪካ ዝርያ ነች፣ ብርቱካናማዋ። ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። እሷ ፀጉር አትበትንም፣ ትነክሳለች እንጂ። በጣም ፈጣን ነች፣ ንክሻዋም ከባድ ሕመምና የጡንቻ መኮማተር ያመጣል። እንቁላል ይዛ ስትሆን ክዳኑን አትክፈት፣ ውሃውን በቀዳዳ በሲሪንጅ ስጣት።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ነች። አንድ ሸረሪት ችላ አሳልፋልኛለች፣ ልጆቹ ቤት ውስጥ ቢበተኑ ግን እንቅልፍ አይወስዳትም። ይወጣሉ?

መልስ፦ ልክ ናቸው፣ ይወጣሉ። አዲስ የተፈለፈለ ታራንቱላ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ያልፋል። አሁኑኑ፣ ገና ሳይፈለፈሉ፣ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ከውጭ በኩል በስቶኪንግ ጨርቅ ሸፍነሽ በቴፕ አጥብቂው። ስትጨርሺ ለእማማ አሳዪያቸው።