ልጅ መጽሐፍ አይገዛም፤ ይገዛለታል፦ የልጆች መጽሐፍ በአፍሪካ ስለመጻፍና ስለማሳተም ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የልጆች መጻሕፍት አርታኢ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የራሴንም ሥራ አሳትሜያለሁ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አጣምሬ መልሻለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። ለሦስት አሳታሚዎች የልጆች ታሪክ ሰጥቼ ሦስቱም «ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ግን አናሳትመውም» አሉኝ። ጥሩ ከሆነ ለምን አያሳትሙትም?

መምህር፣ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው የአፍሪካ አገር አሳታሚ እንጀራው የመማሪያ መጽሐፍ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ገዢው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ወይ መንግሥት ነው፣ ወይ ትምህርት ቤት ግዛ ያለው ወላጅ። የታሪክ መጽሐፍንስ ማን ይገዛዋል? ልጅ መጽሐፍ አይገዛም፤ ይገዛለታል። እኔ እንደማየው የሙያችን ችግር አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። የሚያነበው አንድ፣ የሚከፍለው ሌላ ሲሆን መጽሐፉ ቀስ በቀስ ወደ ከፋዩ ያዘነብላል። ትምህርት ቤት ከከፈለ ታሪኩ መጨረሻ ላይ የግንዛቤ ጥያቄ ይጨመርበታል። ረጂ ድርጅት ከከፈለ ስለ ንጽሕና ወይም ስለ በሽታ መከላከል እንዲናገር ይፈለጋል። ወላጅ ከከፈለ ደግሞ «እንግሊዝኛ ይሁንልኝ» ይላል። ኬንያን የመሰለ፣ የአሳታሚው ገበያ ሰፋ ያለበት አገር እንኳ፣ ትልቁ ሽያጭ የሥርዓተ ትምህርት ተቋሙ መርምሮ ካጸደቃቸው መጻሕፍት ዝርዝር ጋር የተያያዘ ነው።

ስለዚህ ረቂቅዎን ሲያስገቡ ታሪኩን ብቻ አይስጡ። ለስንት ዓመት ልጅ እንደተጻፈ፣ ስንት ገጽ እንደሚሆን፣ ማን ሊገዛው እንደሚችል በአንድ ገጽ ጽፈው ያያይዙት። አሳታሚው የሚፈራው ይህን ጥያቄ ነው፤ መልሱን ይዞ የሚመጣለት ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። 24 ገጽ ያለው የልጆች መጽሐፍ ዋጋው የአዋቂ ልብ ወለድን የሚጠጋው ለምንድን ነው?

ልብ ወለድ ከሽፋኑ በቀር በአንድ ቀለም፣ በጥቁር ይታተማል። ሥዕላዊ መጽሐፍ ግን እያንዳንዱ ገጹ በአራት ቀለም ነው፤ ሳያን (ፈካ ያለ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት፣ ማለትም የማተሚያ ሰሌዳ፣ ይዘጋጃል። የፕሌቱ፣ የማሽን ማስተካከያው፣ የሠዓሊውና የዲዛይነሩ ወጪ 500 ኮፒም ይታተም 10,000 ኮፒ ያው ነው። ለ10,000 ሲካፈል ብዙም አይሰማም፤ ለ500 ሲካፈል ግን ከባድ ነው። ገበያው ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ይታተማል፤ ጥቂት ስለሚታተም ይወደዳል፤ ስለሚወደድም ገዢ ያጣል።

ወረቀቱና ቀለሙ በብዙ አገር በውጭ ምንዛሬ የሚገባ ነው። ግብርም አለ። ኬንያ ከ2013 ወዲህ በመጽሐፍ ላይ 16 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ታስከፍላለች፤ በደቡብ አፍሪካ 15 በመቶ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1950ው የዩኔስኮ የፍሎረንስ ስምምነት ያለቀለት መጽሐፍ ያለ ቀረጥ ድንበር እንዲያልፍ ያደርጋል። የ1976ቱ የናይሮቢ ፕሮቶኮል ደግሞ ይህንን አስፍቶ የማተሚያ ወረቀትንና መሰል ግብዓቶችን እንዲጨምር አድርጎታል። የመጀመሪያውን ተግባራዊ አድርጎ ሁለተኛውን በተወ አገር ውስጥ ከውጭ ታትሞ የመጣው መጽሐፍ ቀረጥ አይነካውም፤ እዚያው የሚታተመው ግን ገና ወረቀት ሳለ ይከፈልበታል። ከዚያ በኋላ የአገር ውስጡ መጽሐፍ ተወደደ ብሎ አሳታሚውን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው።

ጥያቄ፦ ወጪውን ለመቀነስ ጸሐፊው ራሱ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ?

አለ፤ ያውም ብዙ። በመጀመሪያ የገጹን ብዛት ለማሽኑ የሚመች አድርጉት። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ ለአራት መካፈል አለበት። 24 እና 32 ገጽ በየቦታው የምናየው ልማድ ሆኖ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ሲታጠፍ ብክነት ስለማይኖረው ነው። 26 ገጽ የሚወጣው ታሪክ ወይ ይጠር ወይ ይርዘም።

ሁለተኛው አብዛኛው ጸሐፊ የማያውቀው ነው፤ ጽሑፉ በሙሉ በጥቁር ይሁን፣ ያውም ፈካ ባለ ቦታ ላይ ይረፍ። ቀይ ርዕስ፣ በጨለማ ሰማይ ላይ በነጭ የወጣ ዓረፍተ ነገር ያምራል፤ ነገር ግን ጽሑፉን ከሥዕሉ ፕሌቶች ጋር ያጣብቀዋል። ጽሑፉ ጥቁር ብቻ ከሆነ ሦስቱ የቀለም ፕሌቶች ማሽኑ ላይ እንዳሉ ይቆያሉ፤ የሚቀየረው የጥቁሩ ፕሌት ብቻ ነው። በአንድ ቀን አማርኛውን 2,000፣ አፋን ኦሮሞውን 2,000፣ ሶማልኛውን 2,000 ማውጣት ይቻላል። ከዋጋ አንጻር 6,000 ኮፒ እንዳተማችሁ ይቆጠራል። ሶማልኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ጂቡቲም፣ ሶማሊያም፣ ሰሜን ምሥራቅ ኬንያም አንባቢ አለው። ስዋሂሊ ለሚጽፉት የምሥራቅ አፍሪካ ወገኖቻችንም ያው ነው። ይህ ግን የሚሆነው ሥዕሉ ሲጀመር ታስቦበት ከሆነ ነው፤ ካለቀ በኋላ ማስተካከል ሥዕሉን እንደገና ከመሥራት አይተናነስም።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንዲያነብ ያበረታታል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻፍ ገበያን መዝጋት አይሆንም?

ሐሳብዎ ይገባኛል፤ የትኛውም ወላጅ ልጁ ወደኋላ እንዲቀር አይፈልግም። ነገር ግን ማንበብ አንዴ የሚለመድ ችሎታ ነው። ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብን ሲለምድ ለሁለተኛው ቋንቋ ይተርፈዋል። ትርጉሙን በማያውቀው ቋንቋ ሲጀምር ግን ድምፅ ያወጣል እንጂ አያነብም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የምንሰጠው መጽሐፍ ጥራት ነው። ብዙው ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ተገልብጦ የመጣ ነው።

አንድ ነገር በምሳሌ ላሳይዎት። ለጀማሪ አንባቢ ሲጻፍ «በገጽ ይህን ያህል ቃል» የሚል ልክ ይሰጣል። ይህ ልክ እንግሊዝኛን ለመሰለ ቋንቋ የተሰፋ ነው። «አልነገሩንም» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሰባት ፊደልም አለው። በደቡብ አፍሪካም ይኸው ነው፤ «እወድሃለሁ» ለማለት ዙሉ «ንጊያኩታንዳ» ብሎ በአንድ ቃል ይጽፋል፣ ሶቶ ግን «ኬ አ ኦ ራታ» ብሎ በአራት። ሁለቱን በአንድ የቃል ልክ ብትለኩ ዙሉ አንባቢውን ትበድላላችሁ። በአማርኛ እኔ የምቆጥረው ፊደል ነው፤ ለጀማሪ ከአራት ፊደል በላይ የሆነ ቃል በአንድ ገጽ ከአንድ በላይ እንዳይኖር እጥራለሁ።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» ፊደላቸው አንድ ሆኖ ንባባቸው ሁለት ነው። አዋቂ ከዐውዱ ያውቀዋል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ተሳስቶ ካነበበ በኋላ ነው ዐውዱ ላይ የሚደርሰው። «አባቱ ቤት አለ» ብሎ ገጽ መጀመር ሕፃኑን ማደናገር ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ሥዕሉ ግልጽ የሚያደርገው ቦታ ላይ አስገቡት፣ ካልሆነም ቀይሩት።

ጥያቄ፦ አያቴ የነገሩኝን ተረት ጽፌ ባሳትም የማን ይሆናል?

ተረቱ የሕዝብ ነው። የአንተ የሚሆነው አነጋገርህ፣ ቃላትህ፣ ሥዕልህ ነው። ሌላ ሰው አሰባስቦ ካሳተመው መጽሐፍ ግን ቃሉን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

ምክር ልጨምርልህ፤ አያትህ ሲያወሩ የነበረውን ምልልስ አትጣለው። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ያልከው አንተ ነህ። አፍ ላይ ያለ ተረት አድማጩን ያስመልሳል። ብዙዎቻችን ወደ ወረቀት ስናመጣው ይህን አውጥተን ሴራውን ብቻ እንተርካለን፣ ከዚያ ተረቱ ለምን ደረቀ ብለን እንገረማለን። በየሦስት ገጹ የሚመለስ፣ ልጁ ገና ፊደል ሳይለይ በቃሉ የሚይዘው አንድ አዝማች አስገባ።

ጥያቄ፦ ሠዓሊ ነኝ። ጸሐፊዎች በነፃ ወይም «ሲሸጥ እንካፈላለን» እያሉ ያሠሩኛል። ደግሞ የምሥላቸው ልጆች ስክሪን ላይ አምረው ሲታተሙ ፊታቸው ይጠፋል። ምን ላድርግ?

የመጀመሪያው ላይ አጭር ነኝ፤ ያለ ጽሑፍ ውል እርሳስ አታንሺ። የመጀመሪያ ክፍያሽ፣ ዳግም ሲታተም የሚደርስሽ፣ ኦሪጅናል ሥዕሉ የማን እንደሚሆን፣ ስምሽ ሽፋኑ ላይ መውጣቱ ይጻፍ። በሥዕላዊ መጽሐፍ ውስጥ ሠዓሊው ከታሪኩ ግማሹን ይናገራል። ጋናዊው ሜሻክ አሳሬ ጸሐፊም ሠዓሊም ሆኖ የሠራው የልጆች መጽሐፍ በ1982 በአፍሪካ ለታተሙ የአፍሪካውያን ጸሐፊዎች ሥራዎች ይሰጥ የነበረውን የኖማ ሽልማት አግኝቷል። በ2015 ደግሞ የኤንኤስኬ ኖይሽታት የልጆች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጥቶታል። ጸሐፊዎችም ስሙ፤ ሥዕሉ ያሳየውን ጽሑፉ አይድገመው። «ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ሣራ» አትበሉ፣ ቀሚሱ እየታየ ነው።

ፊት የሚጠፋው ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ ነው። ልሙጥ ባልሆነ ወረቀት ላይ የቀለሙ ነጥብ ይሰፋል፣ ጠይም ቆዳም ይደፈናል። የቆዳውን ጥላ በጥቁር ቀለም አትሥሪ፤ ከሌሎቹ ሦስት ቀለሞች ቅልቅል አውጪው፣ ስክሪን ላይ ከምትፈልጊው ትንሽ ፈካ አድርጊው። ፊትን ከጀርባው ትዕይንት የሚለይ ብርሃን ጉንጭና ግንባር ላይ ይኑር። ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በራሱ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ናሙና ጠይቂ። የልጆቻችን ፊት መጽሐፋቸው ውስጥ ጥቁር ጠብታ ሆኖ መቅረት የለበትም።

ጥያቄ፦ ከውጭ በኮንቴነር የሚመጣ የእርዳታ መጽሐፍ ጉዳት አለው?

መጽሐፍ ከምንም ይሻላል፤ በእርዳታ መጽሐፍ ማንበብ የለመዱ ብዙዎች ነን። ነገር ግን መደርደሪያው በነፃ መጽሐፍ ሲሞላ ቤተ መጻሕፍቱ የአገር ውስጡን ለመግዛት ምክንያት ያጣል። ልጁም መጽሐፍ ማለት የሌላ አገር በረዶና የሌላ አገር ስም ያለበት ነገር ይመስለዋል። ለጋሾችን የማገኝ ከሆነ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለማጓጓዣ ከምታወጡት ከፊሉን እዚሁ ለታተመ መጽሐፍ መግዣ አውሉት።

ጥያቄ፦ ሥራዬን በኢንተርኔት በነፃ ብለቅ ይሻላል?

እንደ ዓላማህ ነው። በ2014 ከደቡብ አፍሪካ የተነሣው አፍሪካን ስቶሪቡክ ከ200 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ታሪኮችን በክፍት ፈቃድ አስነብቧል። በዚያው ዓመት በዚያው አገር የተጀመረው ቡክ ዳሽ ጸሐፊ፣ ሠዓሊና ዲዛይነር በበጎ ፈቃድ አሰባስቦ በ12 ሰዓት ውስጥ መጽሐፍ ያሠራል። ብሉም የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ በፊደላችን ያሠራል። ገበያ ለማይደርስላቸው ትንንሽ ቋንቋዎች ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ሆኖም ፈቃዱን አንብብ፤ አንዳንዱ ማንም ሰው መጽሐፍህን አትሞ እንዲሸጥም ይፈቅዳል፣ አንዴ ከሰጠኸው በኋላም አይመለስም። የምትተዳደርበትን ሥራ ሳይሆን ለመስጠት ብለህ የጻፍከውን ልቀቅ።

ጥያቄ፦ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) ከየት አገኛለሁ?

በብዙ አገር ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ። በኢትዮጵያ ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው።

ጥያቄ፦ በራሴ ወጪ 3,000 ኮፒ አሳትሜ አብዛኛው አልጋዬ ሥር ነው። መጽሐፍ መደብሮች «አይሸጥም» ይላሉ።

አይዞህ፤ እኔም አልፌበታለሁ። መጽሐፍ መደብር ያለው ትልልቅ ከተማ ነው፤ ልጁ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ2003 አዲስ አበባ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ፣ በ2005 ደግሞ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሲጀምር መጽሐፉን ወደ ልጁ ወሰደው እንጂ ልጁን አልጠበቀም። አንተም በየትምህርት ቤቱ እየሄድክ አንብብላቸው። ሳትሸጥ በፊት አንብብ። ከዚያ በቀጣዩ ሳምንት ወላጆች በሚመጡበት ቀን ተመለስ። ልጁ ቀድሞ ቤት ገብቶ ስለ ታሪኩ ስላወራ ወላጁ የሚገዛው የሚያውቀውን ነው። 3,000 በዚህ መንገድ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ቀጣዩን ስታሳትም 1,000 አድርገው።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ። የጻፍኩት ታሪክ ለልጆች እንደሚሆን በምን አውቃለሁ?

ለልጆች አንብቢላቸው፣ ግን «ወደዳችሁት?» ብለሽ አትጠይቂ። ልጆቻችን ታላቅን አክብረው እንዲያድጉ ስለተደረጉ «አዎ» ነው የሚሉሽ። እያነበብሽ ዓይናቸውን ተመልከቺ፤ ዓይናቸው ከገጹ የተነሣበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ሦስት የተለያዩ ልጆች እዚያው ቦታ ላይ ከተዘናጉ ያ ገጽ ይውጣ። ከዚያ መጽሐፉን ወለሉ ላይ ትተሽ ሌላ ሥራ የያዝሽ ምሰዪ። አንዷ ተመልሳ አንስታ ከመሃል ከገለጠችው፣ የትኛውን ገጽ እንደሆነ እዪና ሁለተኛውን ረቂቅሽን ከዚያ ገጽ ጀምሪ።