የሚያሸና መድኃኒት የምትወስድ እናቴ ጾሙን እንዴት ትጹም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው። እናቴ ልቧ ደክሟል ተብላ እግሯ ያብጣል፣ ሐኪሙም ላሲክስ የሚባል የሚያሸና መድኃኒት አዝዞላታል። ጠዋት ጠዋት ውሰጂ ነው የተባለችው። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ግን በውኃ መዋጥ ጾም ይሽራል ብላ ወደ ማታ አዞረችው። ደግሞ ቅዳሴ መሐል ሽንት እንዳያስወጣት ትፈራለች። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ትተወውና ጸበሉ ይበቃኛል ትላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የምትነግሪያቸውን ልንገርሽ። መድኃኒቱን ጠዋት ይውሰዱ፣ ጾማቸው አይሻርም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛን ከግዴታው ያወጣዋል። እናታችን ግን መጾሙን አልተዉም፣ ክኒን በውኃ መዋጥ ብቻ ነው የተጠየቁት። ይህን ማን ይከለክላቸዋል?

ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14ን አብራችሁ አንብቡት። ጌታ በሰንበት ቀን ከፈሪሳውያን አለቆች ወደ አንዱ ቤት ገባ፣ ሆዱ የተነፋ ሰውም ፊቱ ነበረ። ሰውነቱ ውኃ የያዘ ሕመምተኛ ማለት ነው፣ እንደ እናታችን። ጌታ በሰንበት መፈወስ ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም ብሎ ጠየቃቸው፣ ዝም አሉ። እሱ ግን ይዞ ፈወሰውና አሰናበተው። ከዚያም በሬያችሁ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ አታወጡትምን አላቸው። ይህን ታሪክ ከአራቱ ወንጌላውያን የጻፈልን ሉቃስ ብቻ ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስም ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ ይለዋል። ሰንበትን የሠራ ጌታ በሰንበት እንዲህ ካደረገ፣ በጾም ቀን ለሕመማቸው የታዘዘውን ክኒን ቢውጡ ይቆጣል ብለው አይፍሩ።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፣ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ላሲክስ ከተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ በአንድና በሁለት ሰዓት መካከል ይበረታል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቅለታል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከወሰዱት እስከ 4 ሰዓት ብዙው ሽንት ወጥቶላቸዋል። የፍልሰታ ቅዳሴ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 6 ሰዓት ወዲያ ነው የሚገባው። የፈሩት ነገር በጠዋቱ ሰዓት ራሱ ይቃለላል። ማታ ሲወስዱት ግን ሌሊቱን ሙሉ ይነሣሉ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ በጨለማ፣ ራሳቸውን እያዞራቸው ግቢ ውስጥ ወዳለው ሽንት ቤት ሲሄዱ አስቢያቸው። በዚህ መንገድ ወድቀው ዳሌያቸው የሚሰበር አረጋውያን አሉ።

ቅዳሴ መሐል ሽንት ቢመጣባቸውም ይውጡ። እትዉ በሰላም እስኪባል መቆየት ሥርዓታችን ነው፣ ሆኖም በሕመም የወጣን ሰው ቤተ ክርስቲያን አትኮንንም። በር አጠገብ ይቀመጡ። መቆምና መስገድ ካዞራቸው ተቀምጠው ያስቀድሱ። የሚቆርቡ ከሆነ ግን ከቁርባን በፊት ውኃም ስለማይቀመስ አስቀድመው ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ። ሐኪሙንም ለዚያ ቀን ሰዓቱን ምን ላድርገው ብለው ይጠይቁት። ለቁልቢ ጉዞም እንዲሁ፣ አውቶቡስ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል ብለው በራሳቸው አይዝለሉት።

ከረሱት ደግሞ በማግሥቱ ሁለት አድርገው እንዳይውጡ።

ስለ ጸበሉ። ጸበልን እኔም እወዳለሁ፣ እጠጣለሁም። ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። አቡነ ጳውሎስም ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ጸበል ልጠጣ ብለሽ ክኒን ጣይ የሚል ሰው ካለ ቤተ ክርስቲያን አልላከችውም። ሌላም ነገር አለ። ልቡ የደከመ ሰው በቀን የሚጠጣው ፈሳሽ ልክ ሊወሰንለት ይችላል። ጸበሉ ከዚያ ልክ ውስጥ ይቆጠራል። በጆግ ሳይሆን በሲኒ ይጠጡ፣ በረከቱ አይቀንስባቸውም።

በሌላ በኩል የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። መድኃኒቱ ውኃ ያስወጣል፣ ላቡም ያስወጣል፣ በዚያ ላይ እስከ 9 ሰዓት ጠብታ ውኃ ሳይቀምሱ ከዋሉ የደም ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ፣ ኩላሊታቸውም ይጎዳል። ስለዚህ ስንት ብርጭቆ ውኃ፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ሐኪሙ በግልጽ ይንገራችሁ፣ እሱን ለንስሐ አባታቸው አሳዩና ጾሙን በዚያ ልክ ያድርጉላቸው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸው የቀጣዩን ክኒን ነገር በዚያው ቀን ሐኪም ጠይቁ።

የጾም ወጥ ላይ ጨው ይበዛል። ሽሮውን፣ ዳጣውን ቀንሺላቸው፣ ጨው እንደገና ውኃ ይይዛል። መድኃኒቱ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን በሽንት ስለሚያስወጣ እግር ይሸመቅቃል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ልብም ሊዛባ ይችላል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንች ጥሩ ነው፣ ጾምም አይነካም። ግን ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ሌላ ክኒን አብረው የሚወስዱ ከሆነ እሱ ፖታሲየም ስለሚያስቀር አታብዙላቸው። የደም ምርመራ ቀጠሯቸውን አታሳልፉ። ከስግደት በኋላ ጉልበቴን ብለው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተው እንዳይወስዱም ተጠንቀቂ፣ መድኃኒቱን ያደክመዋል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ብትችሉ ሚዛን ግዙ። መንገድ ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ዓይነት ይበቃል። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ምግብ ሳይቀምሱ ይመዘኑና ደብተር ላይ ጻፊው። በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ፣ ወይም በሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውኃ እየያዙ ነውና ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ተጋድመው መተንፈስ ካቃታቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ቅዳሴም ላይ ቢሆኑ ይዛችኋቸው ውጡና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።