ድራም ቤት ውስጥ ለምትቀዱ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያተኩራሉ። ድራም ወይም ከበሮ ቤት ውስጥ እንዴት ይቀዳል? በምን ዕቃ? ባቲና አምባሰል ቅኝት የሆኑበት አገር ልጆች ሙዚቃቸውን ለመቅዳት የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለባቸውም ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉውን ለዚህ ሰጥቼዋለሁ።

«ሆጤ ነው የምኖረው። ያገለገለ ድራም ገዛሁ። ስምንት ማይክ ካልገዛህ ቀረጻ አይሞከርም አሉኝ። አቅሜ አይችልም።»

አብሽር ወንድሜ፣ ስምንት አያስፈልግህም። አራት ከበቂ በላይ ነው፤ በሁለትም ይጀመራል። እንግሊዛዊው የድምፅ መሐንዲስ ግሊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትልልቅ ባንዶችን በሦስት በአራት ማይክ ይቀዳ ነበር። ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አንዱን ማይክ ከስኔሩ (ከፊትህ ካለው፣ ሹል ድምፅ ከሚሰጠው ትንሽ ከበሮ) በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ ትሰቅላለህ። ሁለተኛውን በፍሎር ቶሙ (መሬት ላይ በእግሮቹ በሚቆመው ከበሮ) በኩል፣ ከጠርዙ ትንሽ ከፍ አድርገህ ወደ ሃይ-ሃቱ (በእግር ወደሚከፈቱትና ወደሚዘጉት ጥንድ ሳህኖች) ታዞረዋለህ። ሦስተኛው ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ፊት፣ አራተኛው ስኔሩ ጎን ይቆማል።

ምስጢሩ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። ሁለቱ የላይ ማይኮች ከስኔሩ መሀል እኩል መራቅ አለባቸው። ለዚህ ክር ይበቃሃል። አንዱን ጫፍ ስኔሩ መሀል ያዝ፣ እስከ መጀመሪያው ማይክ ወጥረህ ቋጥር፣ ከዚያ ያንኑ ክር ወደ ሁለተኛው ውሰደው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 34 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ካለ ድምፁ ሁለተኛው ማይክ ጋ የሚደርሰው አንድ ሺኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ኢምንት ይመስላል። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን የድምፁ ከፊል እርስ በርሱ ይጠፋፋና ስኔሩ ሳስቶ ይሰማል። እኔ ይህን ሳላውቅ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በማይኩ አሳብቤ ነበር።

በሁለት ማይክ የምትጀምር ከሆነ አንዱን ከቀኝ ትከሻህ በላይ አድርገህ ወደ ስኔሩ አዙረው፣ ሌላውን ኪኩ ፊት አቁመው። ለስኔር ሹር ኤስኤም 57 የሚባለው ማይክ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የተፈተነ ነው። የመዝፈኛው ኤስኤም 58 የቅርብ ወንድሙ ነው፤ ካለህ ሌላ አትግዛ። የሁለቱም አስመስሎ የተሠራ ብዙ ስለሆነ ሳትሞክር አትክፈል። ደግሞ ከሦስተኛው ማይክ በፊት ገንዘብህን ለአዲስ የስኔር ቆዳ አውጣው። ያረጀና ያልተቃኘ ድራም በየትኛውም ማይክ ያው ነው።

«ሳውንድ ካርድ ስገዛ ምን ልይ? ሚክሰርስ አይሠራልኝም?»

ሳውንድ ካርድ ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሣጥን ነው። ስትገዛ የማይክ ማስገቢያውን ቁጠር። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትመን። ለምሳሌ ስካርሌት ፎር-አይ-ፎር የሚባለው ሳውንድ ካርድ ስሙ አራት ቢልም ማይክ የሚቀበለው ሁለት ብቻ ነው። ቤሪንገር ዩኤምሲ 404 ኤችዲ ግን አራት ይቀበላል፣ ዋጋውም ለኪስ የሚከብድ ዓይነት አይደለም። ዩኤስቢ ያላቸው ብዙ ርካሽ ሚክሰሮች ስምንት ማስገቢያ እያላቸው ኮምፒውተር ላይ የሚያደርሱት የተደባለቀ ሁለት መስመር ነው። ኋላ ኪኩን ለብቻ ላንሳ ብትል አትችልም።

«ያገለገለ ኮንደንሰር ማይክ ገዛሁ፤ ምንም ድምፅ የለውም። ተበላሁ?»

ላይሆን ይችላል። ኮንደንሰር ማይክ እንዲሠራ ከሳውንድ ካርዱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ሳውንድ ካርዱ ላይ 48 ቮልት የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጫን።

«ፒያሳ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የምመታው። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ብሸፍነው ጎረቤት አይሰማም?»

ይሰማል እህቴ። ካርቶን ቀላል ነው፤ ድምፅ የሚያግደው ክብደት ያለው ነገር ነው። ደግሞ እሳት ቶሎ ይይዛል። እባክሽን ተይው። ጎረቤትሽን ቡና ጥሪና በሰዓት ተስማሙ። ከኪኩ ሥር ወፍራም ምንጣፍ አንጥፊ።

ለቀረጻው ጥራት ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል። ባዶ የብሎኬት ክፍል ያስተጋባል። የስፖንጅ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አስደግፊ፣ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀዪ። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ከሆነ ከላይኞቹ ማይኮች በላይ ወፍራም ነገር መወጠርን አትርሺ፤ ከኮርኒስ የሚመለሰው ድምፅ የሲምባሉን (የብረት ሳህኖቹን) ድምፅ ያበላሸዋል። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ሲደበደብ ቀረጻ የለም። ያን ጊዜ ልምምድ አድርጊበት።

«ኮምቦልቻ ነን። መንዙማ በድቤ እንቀዳለን። ያለን ስልክና አንድ ማይክ ነው። ድቤው ድምፃችንን ይውጠዋል።»

ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ስልክ ኃይለኛ ምት ሲሰማ በራሱ ጊዜ ድምፁን ይቀንሳል። ድቤው በተመታ ቁጥር የእናንተም ድምፅ አብሮ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። የድምፅ መጠን በእጅ የሚስተካከልበት መተግበሪያ ተጠቀሙ። ከፍተኛው ምት መተግበሪያው ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ዜሮ የመለኪያው ጫፍ ነው፣ እሱን ካለፈ ድምፁ ይበላሻል።

ከዚያ ሰዎቹን አንቀሳቅሱ። አውራጁ ከማይኩ አንድ ክንድ ይራቅ። ተቀባዮቹ ከኋላው ግማሽ ክብ ይሥሩ። ድቤው ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ በማይኩ ጀርባ በኩል ይሁን፤ አብዛኛው የመዝፈኛ ማይክ ከጀርባው የሚመጣውን ያሳንሳል። አንድ ደቂቃ ቅዱ፣ አዳምጡ፣ እንደገና ተንቀሳቀሱ። አንድ ከሰዓት ቢፈጅም አይቆጫችሁም። እርጥበት ባለበት ቀን ቆዳው ስለሚረግብ ከመቅዳታችሁ በፊት ፀሐይ አሙቁት።

«ስቀዳ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይገባል።»

የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ ቅዳ። ከጠፋ ምክንያቱ በቻርጀሩ በኩል የሚገባው መብራት ነው። ካልጠፋ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ቀይራቸው። ባትሪውን ሁልጊዜ ሞልተህ ጀምር፤ ሳውንድ ካርዱ ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ከሆነ መብራት ሲሄድም ቀረጻህ አይቋረጥም።