ስልኩ ቢጠፋ ቁልፉ የት አለ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቱሉ ዲምቱ እንደምትኖሪ፣ በአንድ ስልክ ብቻ ባይናንስ በሚባለው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያ ላይ አካውንት እንደከፈትሽ፣ ማረጋገጫው እስካሁን በኤስኤምኤስ እንደሚመጣልሽ ጽፈሻል። የጠየቅሽው ሦስት ነገር ነው። ኤስኤምኤሱ ይበቃል ወይስ ኦተንቲኬተር (የመግቢያ ኮዱን ስልኩ ራሱ እንዲያወጣ የሚያደርግ መተግበሪያ) ልጫን? ስልኬ ቢጠፋስ? የእናቴ አሮጌ ቴክኖ ስልክ ለዚህ ይጠቅማል ወይ? ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ልጆች «ኦተንቲኬተር ጫኚ፣ ኪውአሩን ስካን አድርጊ፣ አለቀ» ብለውሻል። እኔም ያደረግኩት ልክ እንደዛ ነበር። እንደዛ ስላላለቀልኝ ነው በሰፊው የምጽፍልሽ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ፣ ቃሊቲ የታክሲ ግፊያ ውስጥ ስልኬን ወሰዱብኝ። ያን ማታ ያናደደኝ ስልኩ ነበር። በማግስቱ ሲሜን በዛው ቁጥር አወጣሁ። ከጎረቤቴ ስልክ ተውሼ የክሪፕቶ አካውንቴን ልከፍት ሞከርኩ። ፓስዎርዱን ተቀበለኝ። ከዚያ ስድስት ቁጥር ጠየቀኝ። ስድስቱ ቁጥር ያለው በተሰረቀው ስልክ ውስጥ ነው። ቁጥሬ በእጄ፣ ፓስዎርዴ በጭንቅላቴ፣ ኢሜይሌ ክፍት ሆኖ በሩ ግን አልከፈት አለኝ።

ድርጅቱ መታወቂያ ላኪ አለኝ፣ ላክሁ። ፊትሽን ወደ ካሜራው አዙሪ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አለኝ፣ አዞርኩ። መታወቂያዬ ላይ የአያቴ ስም የተጻፈበት የእንግሊዝኛ ፊደል አካውንቱ ላይ ካስገባሁት በአንዲት ፊደል ስለሚለይ ሁለት ጊዜ መለሱት። በመሃል መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ፣ የፊት ማረጋገጫው ግማሽ ላይ ተቋረጠ። በጠቅላላው 11 ቀን ፈጀ። ገንዘቡ አልጠፋም። ግን ከውስጡ የታናሽ እህቴ የኮሌጅ ክፍያ ነበረበት፣ የመመዝገቢያው ቀንም አለፋት። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ያኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። ስድስቱ ቁጥር ከኢንተርኔት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ኪውአሩን ስካን ስታደርጊ ስልክሽ አንድ ረዘም ያለ ሚስጥራዊ ቁልፍ ይቀበላል። ያው ቁልፍ ድርጅቱም ጋ አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አይነጋገሩም። ስልክሽ ቁልፉንና ሰዓቱን አጣምሮ ያሰላል፣ ድርጅቱም በራሱ በኩል ያንኑ ያሰላል፣ ስድስቱ ቁጥር ከገጠመ ያስገባሻል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀየረው ሰዓቱ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ዳታ ባይኖርሽም፣ ሲም ባይኖርሽም፣ አውሮፕላን ሞድ ላይ ብትሆኚም ይሠራል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ወጥቶ ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ ደረጃ ስለሆነ በጉግል ኦተንቲኬተርም በሌላም መተግበሪያ ያው ቁልፍ ያውን ቁጥር ይሰጣል።

ይህ ከገባሽ ሌላው ሁሉ ይቀልሻል። ዋናው መተግበሪያው አይደለም፣ ስልኩም አይደለም። ዋናው ያ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ያለው በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆነ ስልኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ወረቀት ላይ ካለ ግን በሌላ ስልክ ላይ ጽፈሽው በሁለት ደቂቃ ትገቢያለሽ። እኔ 11 ቀን የከፈልኩት ያንን ሁለት ደቂቃ ስላላወቅኩ ነው።

አሁን ወደ ኤስኤምኤሱ። ምንም ከሌለ ይሻላል፣ ይህን እውነቱን እነግርሻለሁ። ግን ለክሪፕቶ አይበቃም። ውጭ አገር ትልቁ ስጋት ሌባው የስልክ ቁጥርሽን ወደ ራሱ ሲም ማዛወሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የአሜሪካ መንግሥት የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የኤክስ ገጽ የተጠለፈው በዚህ መንገድ ነው። ቁጥሩን ወሰዱ፣ በገጹ ላይ ስለ ቢትኮይን የሐሰት ማስታወቂያ ለጠፉ። ከፓስዎርድ ሌላ ኮድ የሚጠይቀው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም ከወራት በፊት እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር።

እኛ ሰፈር ግን ነገሩ ከዚያም ቀላል ነው። ሌባው ስልክሽን ከነጠቀሽ ሲሙን ነቅሎ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከተዋል። ኤስኤምኤሱ ለእሱ ይገባል። ስልክሽን በአሻራ ብትቆልፊም ሲሙ አልተቆለፈም። ስለዚህ ኦተንቲኬተር ብትጭኚም ባትጭኚም ዛሬውኑ የሲም ፒን አብሪ። በስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩሪቲ ሥር «ሲም ሎክ» የሚል አለ። መጀመሪያ ከሲም ካርዱ ጋር የተሰጠሽን ፒን አስገቢ፣ ከዚያ ወደ ራስሽ ቀይሪው። በግምት ግን አትሞክሪ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትሽ ይቆለፍና ፒዩኬ የሚባለውን የሲም መክፈቻ ኮድ ይጠይቅሻል። ደግሞ ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የኤስኤምኤስ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እንዳይታይ አጥፊው።

ሌላም አለ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ኔትወርክ ሲደክም ኮዱ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰኝ። በመስኮት እጄን አውጥቼ የጠበቅኩበት ቀን አለ። ኦተንቲኬተር ከዚህ ሁሉ ያወጣሻል።

እንዴት እንደምታደርጊው ልንገርሽ። መተግበሪያውን ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርጂ፣ ቴሌግራም ላይ በፋይል የሚላክ አትጫኚ። ጉግል ኦተንቲኬተር ቀላል ነው። እኔ አሁን የምጠቀመው ኤጂስ የሚባለውን ነው፣ በፓስዎርድ ይቆለፋል፣ ባክአፑንም (መጠባበቂያ ቅጂውን) ቆልፎ ያወጣልሻል። ከዚያ ባይናንስ ላይ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብተሽ ኦተንቲኬተር አብሪ ስትዪው ኪውአር ያሳይሻል። እዚህ ላይ ቁሚ። አትቸኩዪ። ከኪውአሩ ሥር የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ፣ ሰው ሁሉ አልፎት የሚሄደው። ቁልፉ እሱ ነው። ምንም ከማድረግሽ በፊት እስክሪብቶ አንሺ።

ስትገለብጪ ይህን እወቂ። ቁልፉ ውስጥ የሚገቡት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ከ2 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ዜሮ የመሰለሽ ሁሉ ኦ ፊደል ነው። አንድ የመሰለሽም ፊደል ነው፣ ስምንት የመሰለሽም ቢ ነው። ይህን ባለማወቅ በትክክል የጻፉትን ቁልፍ «አልሠራም» ብለው የጣሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አራት አራት እያደረግሽ ክፈዪው፣ ለማንበብ ይቀላል።

ስክሪንሾት አታድርጊ። ፎቶው ሳታውቂው ወደ ጉግል ፎቶስ ሊወጣ ይችላል፣ ጋለሪሽን የከፈተ ሰው ሁሉ ያገኘዋል። ሞባይል ጠጋኝ ጋ ስልክ ስታስገቢ ፓተርንሽን አይደል የሚጠይቅሽ? ወረቀቱንም ፎቶ ኮፒ ቤት ወይም ላሚኔት ቤት አትውሰጂው። በእጅሽ ሁለት ጊዜ ጻፊው። የእኔ አንዱ ከቤቱ ውል ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ሌላው እናቴ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው። ወረቀቱ ላይ የድርጅቱን ስምና ፓስዎርዱን አብረሽ አትጻፊ። ምን እንደሆነ አንቺ ካወቅሽ ይበቃል።

ከዚያ ስካን አታድርጊ። ቁልፉን ከወረቀቱ እያየሽ በእጅ አስገቢ። ትንሽ ያደክማል፣ ግን ወረቀቱ ትክክል መሆኑን የምታውቂው በዚህ ብቻ ነው። መተግበሪያው የሰጠሽን ስድስት ቁጥር ባይናንስ ከተቀበለው ወረቀትሽ እውነተኛ ነው። ካልተቀበለው ገና ምንም አልተበላሸም፣ እንደገና ታዪዋለሽ። ቁልፉ አንዴ ካለፈሽ ግን ተመልሶ አይታይም። ያኔ ያለሽ ምርጫ ማረጋገጫውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማብራት ነው፣ ብዙ ድርጅቶች ደግሞ ያን ስታደርጊ ገንዘብ ማውጣትን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያግዱብሻል።

ቁጥሩ አልቀበልም ካለሽ መጀመሪያ ሰዓትሽን ተመልከቺ። ይህ እኛ አገር ላይ የተለየ ችግር አለው። ብዙ ሰው ስልኩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ሦስት ሰዓት» እንዲልለት ብሎ ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ለዓይን ደህና ነው። ለኦተንቲኬተር ግን ስልኩ ስድስት ሰዓት ተሳስቷል፣ የሚሰጠውም ቁጥር ከስድስት ሰዓት በፊት የነበረውን ነው። አጎቴ በዚህ ምክንያት ሁለት ወር ሙሉ «ተጠልፌያለሁ» ብለው ተጨንቀው ነበር። መፍትሔው ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው። የሀበሻ ሰዓት ማየት የግድ ካስፈለገሽ ሰዓቱን ሳትነኪ የሰዓት ክልሉን ብቻ ወደ ቦነስ አይረስ ቀይሪው። ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ስልኩ ግን ትክክለኛውን ጊዜ ያውቃል። ለአጎቴ እንዲህ አድርጌላቸው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ስለ ጉግል ኦተንቲኬተር አንድ ማስጠንቀቂያ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ፣ በጉግል አካውንትሽ ከገባሽበት ኮዶችሽን እዛው አካውንት ላይ ያስቀምጥልሻል። ስልክ ሲጠፋ ይጠቅማል። ግን ጂሜይልሽ ራሱ ኮድ የሚጠይቀው ከዛው ኦተንቲኬተር ከሆነ፣ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትተሽ በሩን እንደመቆለፍ ነው። ለዚህ ጉግል አሥር የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጥሻል፣ እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግሉ። እነሱንም ከቁልፉ ጋር ጻፊ። ጂሜይልሽን ሳትጠብቂ ባይናንስን ብትጠብቂ ዋጋ የለውም። ፓስዎርድ ረሳሁ ሲባል መልእክቱ የሚሄደው ወደዛ ነው።

ኦተንቲኬተር የማያድንሽ ቦታም አለ። ስድስቱን ቁጥር ራስሽ ለሌላ ሰው ከሰጠሽ ምንም አያደርግልሽም። ፒቱፒ (ከሰው ጋር በቀጥታ) ስትገበያዪ «የባይናንስ ድጋፍ ሰጪ ነኝ» የሚል ሰው በቴሌግራም ይጽፍልሻል። በጥሩ አማርኛ፣ በትህትና፣ «እህቴ አካውንትሽ ሊታገድ ነው፣ የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ» ይልሻል። ኮዱ 30 ሰከንድ ብቻ ነው የሚቆየው ብለሽ አትታለዪ፣ ለሌባው ይበቃዋል። የሐሰት ድረ ገጽም እንደዚሁ ነው። ከቻልሽ ፓስኪ የሚባለውን፣ በስልክሽ መቆለፊያ ወይም በአሻራሽ የሚያስገባሽን መግቢያም አብሪ፣ እሱ ትክክለኛው ድረ ገጽ ካልሆነ አይሠራም። የቴሌግራምሽንም የሁለተኛ ደረጃ ፓስዎርድ አብሪ።

ትረስት ዋሌት ወይም ሌላ የራስሽ ዋሌት (ድርጅት የማይዝልሽ የክሪፕቶ ቦርሳ) ካለሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዛ የሚጠብቅሽ ዋሌቱን ስትከፍቺ የሚሰጡሽ አሥራ ሁለቱ ወይም ሃያ አራቱ ቃላት ናቸው፣ ኦተንቲኬተር አይገባበትም። ቃላቱን ያገኘ ሰው ገንዘቡን ያገኛል። ለብቻቸው ጻፊያቸው፣ ከኦተንቲኬተሩ ቁልፍ ጋር በአንድ ወረቀት አታድርጊ።

ይህን ሁሉ የማጠብቅብሽ ሌላ ምክንያትም አለኝ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለግብይት መጠቀም ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ይህን አውቀሽ ግቢበት። ገንዘብሽ ቢወሰድ እንደ ባንክ ሂሳብ ቅርንጫፍ ሄደሽ «ክፈቱልኝ፣ መልሱልኝ» የምትዪው ሰው የለም። ለቤት ኪራይ ወይም ለልጅ ትምህርት ያሰብሽውን እዛ ባታስቀምጪ ደስ ይለኛል። እኔ ከዛ በኋላ አላስቀምጥም።

የእናትሽ ቴክኖ ይጠቅማል፣ በጣም። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አጽጂው፣ የስክሪን መቆለፊያ አድርጊበት፣ ኦተንቲኬተር ብቻ ጫኚበት። ቁልፉን ከወረቀቱ ላይ በእጅ አስገቢ። ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጪና ስድስቱ ቁጥር አንድ መሆኑን እዪ። ከዚያ ሲሙን አውጥተሽ ቤት አስቀምጪው፣ ይዘሽው አትውጪ። አንድ ነገር ግን አስታውሺ። አሮጌ ስልክ ባትሪው ፈጽሞ ካለቀ ሰዓቱ ወደ ድሮ ሊመለስ ይችላል፣ ሲምም ዋይፋይም ስለሌለው ራሱን አያስተካክልም። በወር አንዴ ቻርጅ አድርጊውና ሰዓቱን ቀኑንም ጨምሮ ከዋናው ስልክሽ ጋር አመሳክሪ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ከተለያዩ በእጅ አስተካክዪው።