የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ጃፓን ካመለጠችው ወጥመድ ግብፅና ቻይና ለምን አላመለጡም?

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን የምዕራብ ኃያላን መርከባቸውንና መድፋቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ ጃፓን ራሷን አዘምና ከኃያላኑ ተርታ ስትሰለፍ፣ ቻይና ተዋርዳለች፤ ግብፅም በእንግሊዝ እጅ ወድቃለች። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ጃፓን ለውጥን ስለተቀበለች ተረፈች፣ ሌሎቹ ግን አሮጌውን ሥርዓት ሙጥኝ ስላሉ ወደቁ የሚል ነው። ይህ መልስ ይበቃል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አይበቃም። በግብፅ ታሪክ ቢፈተን ደግሞ ጨርሶ አይቆምም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግብፅ ከጃፓን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድማ ለውጥን የጀመረች አገር ናት። መሐመድ ዓሊ በ1805 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ገበሬውን እየመለመለ በአውሮፓ ሥርዓት የሠለጠነ መደበኛ ጦር አቆመ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችን አቋቋመ፤ የሕክምናና የምህንድስና ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፤ በ1826ም ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ፓሪስ ላከ። እስክንድርያን ከካይሮ ያገናኘው የባቡር ሐዲድ በ1856 ሥራ ሲጀምር ጃፓን ገና አንድም ሐዲድ አልነበራትም። ይህን ጅምር የሰበረው ከሁሉ በላይ የውጭ ክንድ ነው። ብሪታንያ ግብፅ በስም ከምትገዛለት ከኦቶማን (ከቱርክ) መንግሥት ጋር በ1838 የተፈራረመችው የንግድ ውል በግዛቱ ሁሉ የመንግሥትን የንግድ ሞኖፖሊ የሚከለክል ሲሆን፣ የመሐመድ ዓሊ ጦርና ፋብሪካ የሚተዳደሩት ደግሞ በዋናነት በዚሁ ሞኖፖሊ ገቢ ነበር። የግብፅ ጦር ሶርያን ይዞ ሱልጣኑን ባስጨነቀ ጊዜም ኃያላኑ ጣልቃ ገብተው ከዚያ አስወጡት፤ በ1841 የሠራዊቱ ቁጥር ከ18,000 እንዳይበልጥ ተወሰነበት።

የቀረውን ብድር ጨረሰው። ኢስማኢል በ1863 ሥልጣን ሲይዝ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡብ ግዛቶችን ጥጥ ከዓለም ገበያ ስላራቀው የግብፅ ጥጥ ዋጋ እጅግ ንሮ ነበር። በዚያ ገቢ ተማምኖ የመስኖ ቦዮችን፣ ሐዲዶችን፣ ወደቦችንና ትምህርት ቤቶችን፣ ከእነርሱም ጋር ቤተ መንግሥቶችን አሠራ። ጦርነቱ በ1865 አብቅቶ የጥጥ ዋጋ ሲወርድ ግን ግንባታው አልቆመም፤ ከለንደንና ከፓሪስ ገበያ በሚገኝ ብድር ቀጠለ። አበዳሪዎቹ ኮሚሽናቸውን አስቀድመው ስለሚቆርጡ፣ መንግሥቱ እጅ የሚገባው ገንዘብ በዕዳ መዝገብ ላይ ከሚሰፍረው በእጅጉ ያነሰ ነበር። በ1875 የስዊዝ ቦይ አክሲዮኑን ለብሪታንያ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። በዓመቱ የአገሪቱን ገቢ እየተረከበ ለአበዳሪዎች የሚያከፋፍል የአውሮፓውያን የዕዳ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1878 አንድ እንግሊዛዊ የገንዘብ ሚኒስትር፣ አንድ ፈረንሳዊ ደግሞ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ሆነው ካቢኔው ውስጥ ገቡ። በ1879 ኢስማኢል ራሱ በኃያላኑ ግፊት ከሥልጣን ተሻረ። ይህን የውጭ ቁጥጥር የተቃወመው የግብፃዊው ኮሎኔል ዑራቢ ንቅናቄ በ1882 በቴል ኤል-ከቢር ሲሸነፍ የእንግሊዝ ጦር አገሪቱን ያዘ። ግብፅ በዚያን ጊዜ ሐዲዱም፣ ቴሌግራፉም፣ ትምህርት ቤቱም ነበራት፤ ግምጃ ቤቷ ግን በእጇ አልነበረም።

አሁን ጃፓንን እንመልከት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አዛዥ ማቲው ፔሪ በ1853 አራት የጦር መርከቦችን ይዞ ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ባሕረ ሰላጤ ከገባ በኋላ፣ ጃፓንም በ1858 በተፈረሙት ውሎች እጇ ታስሯል። የውጭ ዜጋ በጃፓን ምድር ወንጀል ቢሠራ የሚዳኘው በራሱ ቆንስል ነበር፤ የገቢ ዕቃ ቀረጥም በ1866 ስምምነት ወደ 5 በመቶ ገደማ ወርዶ እንዲቀመጥ ተደረገ። ወጥመዱ ተመሳሳይ ነበር። ልዩነቱ በ1868 በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ስም የተመሠረተው የሜይጂ መንግሥት ለዘመናዊነት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያገኘበት መንገድ ላይ ነው። ይህ መንግሥት በ1870 ለባቡር ሥራ ከለንደን 1 ሚሊዮን ፓውንድ በ9 በመቶ ወለድ ተበድሯል፤ በ1873ም ሁለተኛ ብድር ወስዷል። ከዚያ በኋላ ግን እስከ 1890ዎቹ መጨረሻ ድረስ የውጭ ብድርን እንደ እሳት ሸሸ። በ1871 የመሳፍንቱን ግዛቶች አፍርሶ ገቢያቸውን ወደ ማዕከሉ ካዞረ በኋላ፣ በ1873 እያንዳንዱ ባለ መሬት የመሬቱን ግምት 3 በመቶ በጥሬ ገንዘብ በየዓመቱ እንዲከፍል ደነገገ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የሜይጂ ስኬት ብዙ ጊዜ የጥቂት ብልህ መሪዎች ሥራ ተደርጎ ይነገራል፤ ሒሳቡን የከፈለው ግን ገበሬው ነው። ግብሩ የአዝመራውን መክፋት የማያይ ስለነበር፣ በ1876 ገበሬዎች በተለያዩ አውራጃዎች ተነሡ፤ መንግሥቱም ግብሩን ወደ 2.5 በመቶ ለማውረድ ተገደደ። ሳሙራዮች (የቀድሞው ሥርዓት ጦረኞች) ደመወዛቸውን ተነጥቀው በምትኩ የመንግሥት ቦንድ ተሰጣቸው፤ የሳትሱማ ግዛት ሳሙራዮችም በ1877 ዐምፀው በምልመላ በተሰበሰበው አዲስ ጦር ተደመሰሱ። ለውጭ ገበያ የሚቀርበውን ሐር የሚፈትሉት በአብዛኛው ከድሃ ገበሬ ቤት የወጡ ልጃገረዶች ሲሆኑ፣ የሥራ ሰዓታቸው እጅግ ረጅም ነበር። ነፃነቱ በእነዚህ ሰዎች ድካም የተገዛ መሆኑን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው ታሪኩን ከማሞገሻነት ያወጡታል።

ዕድልም ነበረበት። ጃፓን ወደቦቿን በከፈተች ማግስት በአውሮፓ የሐር ትል በበሽታ እያለቀ ስለነበር የጃፓን ሐር ገዥ አላጣም። አሜሪካ ከ1861 እስከ 1865 በራሷ ጦርነት ተጠምዳለች፤ ብሪታንያና ፈረንሳይም ዓይናቸው ይበልጥ ያረፈው በቻይና ገበያ ላይ ነው። በዚህ ፋታ መሪዎቹ አጥብቀው ተጠቅመውበታል። በ1871 መጨረሻ ላይ በኢዋኩራ ቶሞሚ የተመራ የከፍተኛ ባለሥልጣናት ልዑክ አሜሪካንና አውሮፓን ለመጎብኘት ተነሥቶ እስከ 1873 ቆይቷል። ውሎቹን ለማሻሻል ያደረገው ሙከራ ወዲያው ሲከሽፍ፣ ልዑካኑ ፋብሪካውን፣ ፍርድ ቤቱንና ትምህርት ቤቱን ሲመረምሩ ከረሙ። በኋላም ብሪታንያ ዜጎቿ በጃፓን ፍርድ ቤት እንዲዳኙ በ1894 ስትስማማ ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ጃፓን በዚያን ጊዜ ሕገ መንግሥትና አዲስ የሕግ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ጠንካራ ባሕር ኃይልም ነበራት።

የቻይና ነገር የተለየ ነው። ከብሪታንያ ጋር ከተደረገው የኦፒየም ጦርነት ሽንፈትና ከ1842ቱ የናንጂንግ ውል በኋላ ቻይናውያን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ከ1860ዎቹ ጀምሮ በሻንጋይ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ በፉዡ የመርከብ ግንባታ ተቋም መሥርተዋል። ነገር ግን ከ1850 እስከ 1864 የዘለቀው የታይፒንግ ዐመፅ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕይወት ቀጥፎ፣ ሠራዊትንና ግብርን ከቤጂንግ ወደ ክፍለ አገር ገዥዎች እጅ አሸጋግሮ ነበር። የባሕር ጉምሩክ አስተዳደርም በብሪታንያዊው ሮበርት ሃርት የሚመራና በባዕዳን ኃላፊዎች የተሞላ ነበር። በ1884 የፈረንሳይ መርከቦች የፉዡን የጦር መርከቦች አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሲያወድሙ፣ የሰሜኑ ባሕር ኃይል አልደረሰላቸውም። በ1894 ከጃፓን ጋር ጦርነት ሲገጠም ደግሞ ሸክሙ በአብዛኛው በሰሜኑ ገዥ በሊ ሆንግዣንግ ኃይል ላይ ወደቀ። ጦርነቱን በቋጨው የሺሞኖሴኪ ውል ተሸናፊዋ ቻይና ለጃፓን 200 ሚሊዮን ቴል (ቴል የቻይና የብር ማዕድን መመዘኛ ነው) ካሣ ልትከፍል ተገደደች፤ ይህን ለመክፈልም ከአውሮፓ ባንኮች ተበደረች፤ ጃፓን በዚሁ ካሣ ታግዛ በ1897 ገንዘቧን በወርቅ መሠረት ላይ አቆመች። በእኔ አስተያየት የሁለቱን አገሮች መለያየት ከዚህ የክፍያ ሰነድ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በዓድዋ ድል ነፃነቷን አስከብራለች። ጃፓን ያመጣችውን ዓይነት ለውጥ ለማምጣት ያልቻለችው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ድሉ ወራሪውን መለሰ፤ የገንዘብና የውል ጫናውን ግን አላስቀረም። አገሪቱ የባሕር በር አልነበራትም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በፈረንሳይ ኩባንያ ተሠርቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በ1905 ውል የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ በእንግሊዞች ተጽዕኖ ሥር ከነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተቆራኘ ነበር። በ1906 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣልያን አገሪቱን በጥቅም ክልል የሚመለከት ስምምነት ተፈራረሙ፤ በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውልም ለውጭ ዜጎች ልዩ የዳኝነት መብት ሰጥቶ፣ የገቢ ዕቃ ቀረጥ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ አደረገ። ጃፓን ከዚህ ዓይነቱ የዳኝነት እስራት ነፃ የወጣችው በ1899 ስለሆነ፣ አንዷ በወጣችበት በር ሌላዋ የገባች ያህል ነው።

የውስጡም ችግር ቀላል አልነበረም። የመሬቱ ግብር በአብዛኛው በእህልና በአገልግሎት የሚከፈል ሆኖ በየደረጃው ባሉ መኳንንት እጅ ይቀር ስለነበር፣ ጃፓን በ1871 ያደረገችውን ገቢን በማዕከል የመጠቅለል ሥራ ለመሥራት ቤተ መንግሥቱ አቅም አጥሮት ቆይቷል። የድሬዳዋ ጉምሩክን የመሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን በሚገባ ተረድተው ጃፓንን በአርአያነት ከጠቀሱት ምሁራን አንዱ ናቸው። በ1931 ከጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ የወሰደ ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ፤ የአቢሲኒያ ባንክም ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ። እኔ ከሦስቱ ለባንኩ መገዛት ትልቁን ቦታ እሰጣለሁ። ጃፓን ከፔሪ መምጣት እስከ መጀመሪያው ትልቅ ጦርነቷ አርባ ዓመት ያህል አግኝታለች፤ ኢትዮጵያ ግን ከ1931 በኋላ የቀሯት አራት ዓመታት ብቻ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ጃፓን ራሷ ኢፍትሐዊ ውል የተጫነባት አገር ከሆነች፣ ለሌሎች የእስያ ሕዝቦች ነፃነት ቆማለች ሊባል ይችላል?

መልስ፦ አይባልም። በ1905 ሩሲያን ማሸነፏ በብዙ የእስያ አገሮች ተስፋን መቀስቀሱ እውነት ነው። ይሁንና ፔሪ በእርሷ ላይ ያደረገውን በ1876 በኮርያ ላይ የደገመችው እርሷው ናት። በጋንግዋ ውል የኮርያ ወደቦች እንዲከፈቱላት፣ በዚያ ያሉ ጃፓናውያንም በራሳቸው ቆንስል እንዲዳኙ አስገደደች። በ1905 ኮርያን በሞግዚትነት ያዘች፤ በ1910 ጠቅልላ የግዛቷ አካል አደረገቻት። በራሷ ወደቦች የሚከፈለውን ቀረጥ በነፃነት የመወሰን መብቷን ሙሉ በሙሉ ያስመለሰችው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1911 ነው።